ሦስት አፍ፣ አንድ ሆድ

ታላቂቱ እህት የማድቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካ ሩዝ ከዱቄት ትለያለች። ወንፊቱን በሁለት እጇ ይዛ በዝግታ ስታወዛውዘው ዱቄቱ ከሥር በተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ላይ እንደ ጉም ይወርዳል፤ ከላይ የቀረውን ሩዝ ወደ ሳህን ትገለብጥና እንደገና ዝቃ ትጀምራለች። ከጎኗ፣ በግድግዳው ጥግ፣ ያ የተከበረ ዕቃ ቆሟል፤ ወገብ የሚደርስ፣ ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ በአናቱ ላይ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ ክዳን የተደረደረለት፣ ግንባሩ ላይ የቅጠል ሥዕል የተለጠፈበት የቆሻሻ መጣያ። ባለፈው ሳምንት በካርቶን ተጠቅልሎ ሲመጣ ታላቂቱ ቆሻሻ ልትጥልበት አንጀቷ አልቻለም። «ይህን በመሰለ ዕቃ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ?» ብላ በሙቅ ውሃ አጠበችው፤ አደረቀችው፤ በአረንጓዴው አፍ ዱቄት፣ በሰማያዊው ሩዝ አፈሰሰችበት፤ ቢጫውን ደግሞ ለስኳር አጨችው። እስከ ትናንት ድረስ ከላይ ከላዩ ስትቀዳ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከላይ የሚደረስበት ሲያልቅ የፊቱን በር በትንሿ ቁልፍ ከፈተችው፤ ያን ጊዜ ጉዱ ወጣ። ከሦስቱ ክዳኖች ሥር ሦስት ማስቀመጫ አልነበረም። አንድ ሰፊ ባልዲ ብቻ ተቀምጧል፤ ሩዙና ዱቄቱም በውስጡ ከተጋቡ ሳምንታቸው ነበር።

«ሦስት አፍ፣ አንድ ሆድ» አለች ታላቂቱ ቀና ሳትል። «እንደኛው ቤት።»

ታናሺቱ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብቻውን ቀረና አፈረች። እህቷ እየቀለደች አልነበረም፤ ወይም ቀልዱን ለማንም ብላ አላለችውም። ልትረዳት ጎንበስ ስትል ከሳሎኑ የታላቂቱ ባል ድምፅ መጣ። በስልክ ሲያወራ ጮክ ብሎ ነው፤ ግድግዳ ለእሱ ሥዕል መስቀያ እንጂ ድምፅ መከለያ ሆኖ አያውቅም። «ግድ የለህም፣ ዛሬ ያልቃል» ይላል። «ሦስት ናቸው። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ሦስተኛዋ? እሷን ተዋት፣ የቤት ልጅ ናት። ያስቀመጥናት ቦታ የምትገኝ ናት፤ ትፈርማለች።» ወንፊቱ ቆመ። ከዚያ፣ ጭራሽ እንዳልቆመ ሁሉ፣ እንደገና ይወዛወዝ ጀመር። ሁለቱ እህትማማቾች ዓይን ለዓይን አልተያዩም። በዚህ ቤት ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አብረው የሰሙ እንደሆነ የመጀመሪያው ጨዋነት አለመተያየት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ወዲያው ሌላ ነገር ማንሣት። «ሻይ ቀዝቅዞብሻል» አለች ታላቂቱ።

ጉዳዩ ይህን ያህል የተወሳሰበ አልነበረም። ባልየው በአንድ ትልቅ የመድን ድርጅት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነው፤ ታናሺቱ እዚያው ድርጅት በመዝገብ ቤት ትሠራለች። ሥራውንም፣ ከጓሮ በኩል ያለችውን የምትኖርባትን ክፍልም ያገኘችው በእሱ በኩል ነው፤ እሱም ይህን ጠቅሶ አያውቅም፤ መጥቀስ የማያስፈልገው ሰው የሚኖረውን ዓይነት ቸርነት ነበረው። ድርጅቱ በዚህ ዓመት ለአካባቢ ተስማሚ የሆኑ የቆሻሻ መጣያዎች ለየፎቁ ሊገዛ ወስኗል፤ ወረቀቱ ለብቻ፣ የምግብ ትርፍራፊው ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ ተለይቶ እንደገና ሥራ ላይ እንዲውል። መራጭ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሕንፃው መሐንዲስ አንዱ፣ የሒሳብ ሹሙ ሁለተኛው፣ ሦስተኛዋ እሷ፤ «ከድርጅቱ ወረቀት ግማሹ በመዝገብ ቤት በኩል ስለሚያልፍ» ተብሎ። ይህን ምክንያት እንዳመነችው ትዝ ሲላት ጆሮዋ ይሞቃል። ሁለት ምሽት ቁጭ ብላ ስለ ወረቀት አሰባሰብ አንብባ ነበር።

ባልየው ክራባቱን እያጠበቀ ወደ ማድቤቱ ብቅ አለ። ወለል ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ በረጅሙ ተሻገረው እንጂ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። «ስብሰባችሁ ከምሳ በኋላ ነው አይደል?»

«ነው፣ ጋሼ።»

«ቀላል ናት። ያነቡልሻል፣ ትፈርሚያለሽ።»

«ውስጡን አይተውታል?»

«የምኑን ውስጥ?»

«የዚህን» አለች በአገጯ እያመለከተች።

ባልየው ዕቃውን አየ፤ እሷን አየ። «የኔ እህት፣ ቆሻሻ መጣያ እኮ ነው። ውስጡ ምን ይታያል?» ደግሞም ፈገግ ብሎ፣ «ለአካባቢ ተስማሚ መሆኑ በላዩ ተጽፏል። በይ ነይ፣ ላድርስሽ» አለ።

ዘወትር በእሱ መኪና ነው የምትሄደው፤ ከኋላ ወንበር፣ ከፋይሎቹ ጋር። «ዛሬ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለችው። ምክንያት አልጨመረችበትም። ምክንያት የሌለው ዓረፍተ ነገር በአፏ ውስጥ እንግዳ ጣዕም ነበረው። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ከተሰማ በኋላ ጎንበስ አለችና ቁልፏን ከዕቃው በር ላይ ነቀለች። ታላቂቱ አየቻት። ወንፊቱን አላቆመችም።

አውቶቡሱ ውስጥ ሰዎች እንደተለመደው ስለ ታሪፍ ጭማሪ ያማርራሉ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የሎሚ ዋጋ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ለማያውቃት ሰው ሁሉ ታስረዳለች። ታናሺቱ ቁልፏን በመዳፏ ጨብጣ ስለ አንድ ነገር ብቻ ታስባለች። የአንዱ መጣያ ዋጋ የእሷን የአራት ወር ደመወዝ ያክላል፤ ግን ያንገበገባት ዋጋው አልነበረም። በየፎቁ መተላለፊያ የቆሙት አሮጌ የብረት በርሜሎች፣ ቀለማቸው የተላላጠ፣ አሁንም የሚያገለግሉ፣ አዲሶቹ በመጡ ማግስት ተጭነው ሊጣሉ ነው። አካባቢን የመጠበቁ ሥራ የሚጀምረው ደህና በርሜል በመጣል ነበር። ይህንንም ቢሆን ዝም ብላ ልትፈርምበት ትችል ነበር፤ ሰው ከዚህ የባሰ ስንት ነገር ላይ ይፈርማል። የማይዋጥላት ያ «ያስቀመጥናት ቦታ» የሚለው ነው። ወንበር እንኳ አንዳንድ ጊዜ እግሩ ይላላል፤ የተቀመጠበትን ሰው ያንገጫግጫል። ከእሷ ይህ እንኳ አልተጠረጠረም።

በድርጅቱ መግቢያ አዳራሽ፣ ከአሳንሰሩ አጠገብ፣ የቤቱ ዕቃ መንትያ ቆሟል። በላዩ «ናሙና» የሚል ካርቶን ተለጥፎበታል። ዕቃውን የሚሸጠው አቅራቢ ለሁለት ሳምንት ሙከራ ያቆመው ነው፤ የበሩን ቁልፍም «ለጥንቃቄ» ብሎ ይዞት ሄዷል። በእነዚህ ሳምንታት ግን አንድም ሰው አንድም ነገር አልጣለበትም። ዘበኛው በየጠዋቱ አቧራውን ይወለውለዋል። ባለጉዳዮች ዣንጥላቸውን ያስደግፉበታል፤ አንዲት ደንበኛ ለሆስፒታል የገዛችውን አበባ ክዳኑ ላይ አስቀምጣ ስልክ ስታወራ ታይታለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጎልማሳ የሙዝ ልጣጭ ይዞ አረንጓዴውን ክዳን ሲያነሣ ዘበኛው ከበር ሮጦ ደረሰና «ጌታው፣ ናሙና ነው እኮ» ብሎ ልጣጩን ከእጁ ተቀብሎ ውጭ ባለው አሮጌ በርሜል ጣለለት። ጎልማሳው ይቅርታ ጠይቆ አመሰገነ። የሙከራው ሪፖርትም ይህንኑ መሠረት አድርጎ ተጻፈ፤ ዕቃው በአገልግሎት ዘመኑ አንዳችም እንከን አልታየበትም፤ ንጽሕናውን እንደጠበቀ ቆይቷል፤ ከሠራተኛም ከደንበኛም ቅሬታ አልቀረበበትም። ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድ ቃል እንኳ አልነበረም። ያልተነካ ነገር እንከን የለውም። እሷም በዚያች በጓሮ ክፍል ውስጥ ስንት ዘመን እንዲህ ያለ እንከን ሳይገኝባት ኖራለች።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ወደ ምድር ቤት ወረደች። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሕንፃው በሙሉ እማማ የሚላቸው፣ የሁለተኛውን ፎቅ ቆሻሻ በማዳበሪያ ጆንያ አሥረው ወደ ውጭ ሊያወጡ ነበር።

«እማማ፣ ይሄን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«ቆሻሻ ምን ያደርግልሻል?»

«ለስብሰባ ነው።»

«ስብሰባ ቆሻሻ አጥቶ ያውቃል እንዴ?» አሉና ጆንያውን ለቀቁላት። ከዚያም የሳቁበት ፊታቸው ረጋ አለ። «ለዚያ ለሚያብለጨልጨው ነው አይደል? እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ባይጠይቁኝም ደስታዬ ነው። ነገ ጠብ ቢነሣ በእኔ ስም እንዳትጣዪ፣ ልጄ። ለእማማ አዝኜ ነው፣ ለድሆች ተቆርቁሬ ነው እንዳትዪ።»

«በራሴ ስም ነው የምጣላው።»

እማማ ከእግር እስከ ራሷ በዓይናቸው ለኳትና፣ «እንግዲያው ሥሩን በሁለት እጅሽ ያዢው፤ የሻይ ቅጠል አለበት፣ ያንጠባጥባል» አሉ።

የስብሰባው ክፍል ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይከፈት መስኮት፣ ከዓመት ዓመት የማይነቀል የውሃ ማሞቂያ። ናሙናው ለክብሩ ሲባል በአሳንሰር ወጥቶ በጠረጴዛው ራስጌ ቆሟል። መሐንዲሱ ስልኩን ይነካካል። የሒሳብ ሹሙ፣ ከፊቱ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ጎን ሁለት እስክሪብቶ አሰልፏል። ይህ ሰው ከኋላው «በሙሉ ድምፅ» ነው የሚባለው፤ የማንኛውንም ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ገና ስብሰባው ሳይጀመር «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብሎ ጽፎ ነው የሚገባው። ክፉ ሰው አይደለም። ጡረታው የተቃረበ፣ ጭቅጭቅ ሲሰማ ሆዱን የሚያመው፣ የተለያየ ሐሳብ ያለበትን ክፍል እንደ ጋዝ ሽታ የሚሸሽ ሰው ነው። ባልየው የኮሚቴው አባል ባይሆንም «ለማስረዳት» ጥግ ይዟል። ጆንያውን ሲያይ ቅንድቡ ተነሣ፤ የመዝገብ ቤት ወረቀት መስሎት ተወው።

«በሙሉ ድምፅ» ቃለ ጉባኤውን አነበበ። መሐንዲሱ ከስልኩ ቀና ሳይል ፈረመ። እስክሪብቶው ወደ እሷ ሲገፋ ተነሣች። የጆንያውን አፍ ፈታች። አረንጓዴውን ክዳን አንሥታ የሙዙን ልጣጭ፣ የረጠበውን ሻይ ቅጠል፣ የተነከሰውን ዳቦ በእፍኟ እየዛቀች ጣለችበት።

«ኧረ ናሙና ነው!» አለ «በሙሉ ድምፅ»፣ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ።

«ቆሻሻ መጣያ ነው» አለችው።

በሰማያዊው ወረቀት ጨመረች፤ የተጨማደደ ደብዳቤ፣ ያለቀለት ፖስታ፣ የተበላሸ ኮፒ። በቢጫው የውሃ ጠርሙሶች ለቀቀች፤ ወደ ታች ሲወርዱ ባዶ ድምፅ አሰሙ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ያን ያህል ሰዓት ልብ ያላለችውን የቀሚሷን ቀለም ያን ጊዜ አየችው፤ ነጭ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ቁልፍ በሩ ላይ ሰካች። ላይገጥም ይችላል ብላ ፈርታ ነበር። ዞረ። ባልዲው ውስጥ የሻይ ቅጠሉ በደብዳቤዎቹ ላይ ተለጥፎ፣ ጠርሙሶቹ በልጣጩ መሐል ተሰክተው፣ ሁሉም እንደ አንድ ቤተሰብ ተቃቅፏል።

መሐንዲሱ ሳቀ። የሳቀው ክፋት አስቦ ሳይሆን ሳይዘጋጅ ስለመጣበት ነው፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። ባልየው ከጥጉ ተነሣ፤ ድምፁ የተለመደው፣ የተረጋጋው ነበር። «ይሄ ናሙና ስለሆነ ነው። መከፋፈያው ለብቻው ነው የሚታዘዘው። የሚገዙት ይህ አይጎድላቸውም፤ የአንዱን ዕቃ ጉድለት በሁሉም ላይ አንጭነው።»

«እንደዚያ ከሆነማ…» አለ መሐንዲሱ። «በሙሉ ድምፅ»ም በእፎይታ ተቀመጠ፤ ከዚያ አንድ ነገር እንደወጋው ሁሉ ቀና አለ። ሒሳብ ሹም ነው፤ ያልተመዘገበ ነገር ይቆረቁረዋል። «ቆይ እስቲ። ቁልፉ አቅራቢው ጋ ነው ተብሎ አልነበረም? አንቺ ከየት አመጣሽው?»

የውሃ ማሞቂያው ይንሾካሾካል። ባልየው አያት፤ አስተያየቱ ቁጣ አልነበረውም፤ የመኪና በር ሲከፍትላት የሚያያት ዓይነት ነበር። አዳራሽ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት ማለት ትችላለች። ይህ መልስ ተዘጋጅቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ከፊቷ ተቀምጧል፤ እጇን መዘርጋት ብቻ ይበቃል። የእህቷን ጎንበስ ያለ ጀርባ፣ ዱቄት የነጫጨበት የፀጉሯን ዳር አሰበች። እውነቱን ብትናገር የሚናጋው የእሱ ወንበር ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የጓሮዋ ክፍል አለች፤ የመዝገብ ቤቱ ወንበር አለ፤ እህቷ የምትተኛበት አልጋ አለ። ዝም ብትል ግን እነዚህ ሁሉ እንደ ዛሬው ይቆማሉ፤ ከላይ ያብረቀርቃሉ፣ ከሥር አንድ ባልዲ።

«ከጋሼ ቤት ነው ያመጣሁት» አለች። «የዚህን መንትያ አይቼዋለሁ። ማድቤታችን ውስጥ ነው ያለው፤ አቅራቢው በስጦታ ልኮት። እሱም መከፋፈያ የለውም።»

«በሙሉ ድምፅ» ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተከለ። «የልዩነት ሐሳብ ብለው ይጻፉልኝ» አለችው። ሰውየው እስክሪብቶውን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣ። «ይሄ… የት ላይ ነው የሚጻፈው?» ሲል ጠየቀ፤ የእውነቱን ነበር። ስንት ዘመን ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ ኖሮ ቦታውን አያውቀውም። በመጨረሻ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን በቀጭን መስመር ሰረዘው፤ ለረጅም ጊዜ የለበሰውን ኮት እንደሚያወልቅ ሰው በቀስታ። «ዛሬ አይወሰንም» አለ፣ ማንንም ሳያይ። ባልየው በሩን ከፍቶ እማማን ጠራና ናሙናውን እንዲያጸዱ አዘዘ። እማማ ጎንበስ ብለው ወደ ባልዲው ተመለከቱ።

«ጌታዬ፣ ቆሻሻው ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው። ወዴት ልውሰደው?»

ማታ ራት ላይ ሦስቱም ተቀመጡ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚበላው፤ ባልየው፣ በዝግታ፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ ሥጋ ከአጥንቷ እየለየ። የግድግዳው ሰዓት፣ የሹካው ድምፅ፣ ከጎረቤት የሚመጣ የቴሌቪዥን ሳቅ። ታላቂቱ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ጨው ማስቀመጫውን ትመለከታለች። ሁሉን ሰምታለች፤ ባልየው ከቢሮ እየደወለ ሲቆጣ በራሷ ስልክ ሰምታዋለች። ምን እንዳሰበች ግን ከፊቷ አይነበብም፤ ይህን ፊት ለመሥራት ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል። ሲጨርስ ሳህኑን ገፋ አደረገና አፉን ጠረገ።

«ነገ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ትገቢያለሽ» አለ ለታናሺቱ። «ዕቃውን ከአቅራቢው የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አላውቅም ነበር። ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ ትያለሽ። እኔ ደግሞ እንዳይጨክኑብሽ እነግራቸዋለሁ።»

«አልልም፣ ጋሼ።»

«አትዪም?»

«አልልም።»

«እንግዲያው ያቺን ክፍል ለቀሽ ትሄጃለሽ። ቤቴ ውስጥ የሚበላኝ ሰው አላስቀምጥም።»

«እለቃለሁ» አለች። ድምፏ የቀጠነባት መሰላትና ደገመችው። «ክፍሉን እለቃለሁ። ግን አልልም።»

ታላቂቱ ተነሣች። ሳህን ልታነሣ መስሏቸው ሁለቱም አላዩአትም። ማድቤት ገብታ ቆየች፤ ቀጥሎ ወለሉን የሚፍቅ ከባድ ነገር ተሰማ። ዕቃውን እየጎተተች መጣች፤ በአንዱ ማዕዘን አዘንብላ፣ ምንጣፉን እያጨማደደች፣ በላብ በራሰ ግንባር፣ እስከ ባሏ ወንበር ድረስ። ዱቄቱን ገልብጣ አውጥታዋለች፤ ታጥቦ ያንጸባርቃል። የባሏን ሳህን ከፊቱ አነሣች፤ አረንጓዴውን ክዳን ከፈተች፤ አጥንቱን፣ ስቡን፣ የቀረውን መረቅ በማንኪያ እየጠራረገች አንድ ሳታስቀር አራገፈችበት። መረቁ በሚያብረቀርቀው ፊት ላይ፣ በቅጠሉ ሥዕል ላይ፣ በቀጭኑ ወረደ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ባልየው።

«ቆሻሻ እየጣልኩ።»

«ይሄ እኮ…»

«ልጅቷ ከክፍሏ አትወጣም» አለችው፤ ጮክ አላለችም። «ነገ ሥራ አስኪያጁ እኔን ይጥራኝ። ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ማን እንዳመጣውም፣ ማን ተቀብሎ እንዳስገባው አውቃለሁ።» ከዚያም ባዶውን ሳህን መልሳ ፊቱ አስቀመጠችለት።

ባልየው ሳህኑን ያይ ጀመር። ታናሺቱ ተነሣች፤ የራሷን ሳህን፣ ሳትነካው የቀዘቀዘውን፣ በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ከእህቷ ጎን ቆመች። ሦስቱን ክዳኖች አየች፤ አመነታች።

«የትኛው ላይ ልጣለው፣ እታለም?»

ታላቂቱ ቀና ብላ አየቻት። በዚያ ቀን ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«የፈለግሽው ላይ» አለች። «ሆዱ አንድ ነው።»